ምንጮች የሚባል ፎልደር

የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር የሚኖረው ድሮ የዘር ድንች ይቀመጥበት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ድንቹ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፣ ሽታው ግን አልወጣም። እዚያ ከመዋሌ ብዛት ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ልትልጠኝ ቢላ ታነሣለች። ማቀዝቀዣ የለንም። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ የደብረ ማርቆስ ብርድ ይገባል። ያለ ደመወዝ የሚሠራ፣ ፈቃድ የማይጠይቅ ብርድ ነው። አንድ ሐምሌ ላይ «ሰርቨሩ በረደኝ፣ ጋቢ ስጡኝ ይላል» ብዬ ባወራ ጸሐፊያችን የምሬን መስሏት በማግስቱ የቴሌቪዥኗን ዳንቴል ከቤቷ አምጥታ አልብሳው ተገኘች።

ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው። ሠራተኛው ከመስክ ሲመለስ ላፕቶፑን ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ያገናኛል፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ወደ ሰርቨሩ ይገለበጣል። ሲንክ እንለዋለን። አዲስ የጻፈው ይጨመራል፣ ያረመው ይታረማል፣ ያጠፋው ደግሞ ይጠፋል። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ለማስረዳት በስልጠናው ቀን የፊት መስታወት ይዤ ገባሁ።

«ይኸውላችሁ ሰርቨሩ» አልኳቸው። «ጺማችሁን ስትላጩ እሱም ይላጫል። ብታሳድጉ ያሳድጋል።»

ሳቁ። ሰው ሲስቅልኝ የተረዳኝ ይመስለኛል።

ከሲንክ ሌላ ባክአፕ የሚባል ነገር አለ። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሁሉ በየጊዜው ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው፤ ሰው በስህተት ያጠፋውን ከዚያ ማውጣት ይቻላል። ያ ዲስክ ነበረን። መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ ሲሄድና ሲመጣ፣ አንድ ቀን ከተማውን ያናወጠ ሲጥሲጥታ አሰምቶ ሞተ። ምትኩ እንዲገዛ ጠየቅሁ፣ በጀት ሲለቀቅ ተባልኩ። በጀቱ ሲለቀቅ ጠየቅሁ፣ ጨረታ ሲወጣ ተባልኩ። ኢንተርኔት ላይ እንዳናስቀምጠው ኢንተርኔቱ ራሱ ለወራት የሚጠፋበት ዘመን ነው። በመጨረሻ ለግዥ ኃላፊው «ዲስኩ ሲደርስ መቃብሬ ላይ አስቀምጡልኝ» ስለው «አንተ ደግሞ ቀልድህ አያልቅም» ብሎ ሻይ ጋበዘኝ።

እንግዲህ ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ የውሃ ባለሙያ ነበሩን። ግንቦት ሲገባ፣ ዝናብ ሳይጥል የምንጭ ሁሉ አቅም በሚታይበት ወር፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከአምበር ጀምረው በሮብ ገበያ በኩል እስከ ጮቄ ወገብ ድረስ ምንጭ ለምንጭ ይዞራሉ። ጀሪካኑን ከምንጩ አፍ ሥር ይደቅኑና ለመሙላት ምን ያህል እንደፈጀ በእጅ ሰዓታቸው ይይዛሉ። ከዚያ ያገሩን ሽማግሌ ከውሃው አጠገብ አቁመው ፎቶ ያነሣሉ። በየዓመቱ ያው ጀሪካን፣ ያው ቦታ፣ ያው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ከሞተ ልጁ ይቆማል። ጀሪካኑ ሲቀደድ ላስቲክ አቅልጠው ይደፍኑታል እንጂ አይቀይሩትም። «መለኪያዬን ከቀየርኩ ውሃው ያታልለኛል» ይላሉ። እኔ ያ ጀሪካን ከእሳቸው ቀድሞ የተቀጠረ ነው እያልኩ አወራ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ባሕር ዛፍ ስላሳሰባቸው ነው። ከሮብ ገበያ በላይ ባለው ተዳፋት ገበሬው ከምንጮቹ ራስጌ ባሕር ዛፍ ተክሏል፤ ጋሼ ደግሞ ምንጮቹ እየመነመኑ መሆናቸውን አይተዋል።

«ማስረጃ አምጣ ይለኛል ገበሬው» አሉኝ አንድ ቀን። «እውነቱን ነው። ዛፍህን ቁረጥ ማለት እኮ ልብስህን አውልቅ ማለት ነው። እኔ ጡረታ ልውጣና ፎቶውን ከዓመት ዓመት ደርድሬ አሳየዋለሁ። አባቱ አጠገብ የሚፈሰውና እሱ አጠገብ የሚፈሰው ውሃ እኩል እንዳልሆነ በዓይኑ ካየ እሱ ራሱ መጥረቢያ ያነሣል።»

ሁሉም ነገር ላፕቶፓቸው ላይ፣ «ምንጮች» በሚባል ፎልደር ውስጥ ነበር። ከመስክ እንደተመለሱ መጀመሪያ የሚመጡት ወደ እኔ ነው። «ልጆቼ ገቡልህ?» ይሉኛል። ገብተዋል እላቸዋለሁ። አንዴ ግን ሰይጣን አሳሳተኝና ደወልኩላቸው፦

«ጋሼ፣ የድንቹ ክፍል አይጥ ምንጮችዎን ጠጣቸው።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ኮፍያቸው በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል መጡ። ፎልደሩን ከፍቼ ሳሳያቸው ሣጥን ላይ ዘጭ ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ በቁሜ ቀበርኸኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው «አይጡ እንዴት ነው?» ሆነ። እኔም በየጊዜው እመልስላቸዋለሁ፦ ወፍሯል፣ ሚስት አግብቷል፣ የደረጃ እድገት ጠይቋል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጡረታቸው ደረሰ። ለክሊራንስ ሲዞሩ የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ለሁሉም እንደምትለው «ጋሼ፣ ላፕቶፑን ንጹሕ አድርገው ያስረክቡኝ» አለቻቸው። ከእሳቸው በፊት የለቀቁት ሰዎች ከነሠርግ ቪዲዮአቸው ጥለውላት ነው የሄዱት። ጋሼ ግን ጋሼ ናቸው። ቦርሳውን አጥበው አጥር ላይ አሰጡ። በቁልፎቹ መካከል ያለውን አቧራ በጥርስ ብሩሽ አወጡ። ውጩ ሲያልቅ ወደ ውስጡ ገቡ። ቢሯቸው ተቀምጠው፣ ኔትወርኩ እንደተሰካ፣ ፋይሉን ማጥፋት ጀመሩ። ሴትዮዋ ኋላ እንደነገረችኝ ፎቶውን አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ የሽማግሌውን ስም እየጠሩ፣ ተሰናብተው ነው ያጠፉት። የጠፋ ፋይል የሚጠራቀምበትን የላፕቶፑን ቅርጫትም ባዶ አደረጉ።

«አያሳዝንዎትም?» ብላቸዋለች።

«ምን ያሳዝነኛል? ድንቹ ክፍል እሱ ጋ በአደራ አስቀምጫለሁ። ቤቴን ስጠርግ ጎረቤት ያስቀመጥሁት ዕቃ አብሮ ይጠረጋል እንዴ?»

እኔ በዚያች ሰዓት ድንቹ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የሰርቨሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ፣ ብልጭ ብልጭ ይላል። ስሙን አየሁት፤ የጋሼ ላፕቶፕ ነው። ደስ አለኝ። እኚህ ሰው እስከ መጨረሻዋ ቀን ይሠራሉ፣ ልጆቻቸውን እያስገቡ ነው አልኩ። ሻዬን እየጠጣሁ ያችን መብራት እንደ ጥሩ ፊልም ተመለከትኳት።

ከሰዓት ሽኝት ነበር። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ጋቢ ተሸለሙ። እኔ እንደ ልማዴ ንግግር አድርግ ተባልኩ። «ጋሼ ቢሄዱም ምንጮቹ እኔ ጋ ታስረው ይቀራሉ፤ ውሃ የጠማው ሁሉ በድንቹ ክፍል በኩል ይምጣ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ጋሼ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ።

በሳምንቱ ላፕቶፑ ለሚተካቸው ሰው ተሰጠና ሰውየው የድሮው ሥራ የት አለ ብሎ መጣ። «ሰርቨር ላይ» አልኩ እየተጀነንኩ። ከፈትኩት። «ምንጮች» የሚለው ስም አለ፤ ውስጡ ምንም የለም። ዘግቼ ከፈትኩት። አጥፍቼ አበራሁት። ቅርጫቱን፣ የቅርጫቱን ቅርጫት አየሁ። ያን ጊዜ ያቺ አረንጓዴ መብራት ትዝ አለችኝ። ሰርቨሩ መስታወት አይደል፣ ጋሼ ሲላጩ እሱም ተላጨ።

ክረምቱን ሙሉ መንገድ ተከፈተ ሲባል ስሮጥ፣ ተዘጋ ሲባል ስመለስ፣ አንድ ቀን ቀናኝና የሰርቨሩንም የሞተውንም ዲስክ ታቅፌ ባሕር ዳር ገባሁ። አንድ ባለሙያ ቀናት ታገለላቸው። የወጣው ጥቂት ፎቶ ነው፣ እሱም የላይኛው ግማሽ ብቻ። ሰማይ አለ። የሽማግሌ ጥምጥም አለ። ግንባርና ዓይን አለ። ከዚያ በታች፣ ውሃው መሆን ባለበት፣ ሁሉም ግራጫ ነው። በጀሪካን የተለካው ሁሉ፣ የዚያ ሁሉ ግንቦት፣ አንዲት ቁጥር አልተረፈም። የዛሬን ውሃ ማንም ሄዶ ይለካል። የካቻምናን ግንቦት ውሃ ግን ንጉሥም ቢያዝ የሚለካ አይገኝም። እኔ በነገር ሁሉ ላይ መጨመር የምወድ ሰው፣ ለዚህ ነገር የምጨምርበት አላገኘሁም።

ከመስቀል በኋላ ጋሼ መጡ። የተሸለሙትን ጋቢ ለብሰው፣ ፍላሽ ዲስክ በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል።

«አይጡ እንዴት ነው?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ምነው? ታመመ?»

«ጋሼ፣ ምንጮቹ የሉም። ላፕቶፑ ላይ ሲያጠፉት ሰርቨሩም አጠፋው። ባሕር ዳር ድረስ ወስጄ ነበር። አልወጣም።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ዓይኔ ውሃ ሞላ። ከዚያ ጉንጫቸው ላይ አንዲት ነገር ስትንቀሳቀስ አየሁ፣ ከንፈራቸው ተከተለ፣ ሳቃቸው ፈነዳ።

«እንባ! ዘንድሮስ እንባም ጨመርክበት!» ጉልበታቸውን መቱ። «ጎበዝ፣ ይሄስ ከአይጡ ይበልጣል።»

«እውነቴን ነው፣ ጋሼ።»

«ያኔም እውነቴን ነው ብለህኛል።»

«ጋሼ፣ በማርያም።»

«ኧረ ማርያምን ተዋት፣ ምን አድርጋህ ነው።» ፍላሹን ከመሐረቡ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «አልቸኩልም። ሲመችህ ጫንልኝ። እኔ አሁን ቡቃያ ልጠብቅ ነው የምሄደው።»

ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ። ልከተላቸው ተነሣሁ። ኮሪደሩ ላይ ለጸሐፊዋ እየሳቁ ሲነግሯት ሰማሁ፤ እሷም ሳቀች። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለስንት ሰው ነገርኩ መሰላችሁ። ለኃላፊው ነገርኩ፣ ለግዥው ነገርኩ። ግዥው ብቻ አመነኝ፤ ምትኩ ዲስክ አሁንም በሂደት ላይ ነው።

በዚህ ግንቦት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ነፋስ ይሰማል፣ ከነፋሱ ሥር ውሃ ይንኳለላል።

«ከሮብ ገበያ በላይ ነኝ። ጀሪካኑ በስንት እንደሞላ በራሴ ጊዜ ለክቼልሃለሁ። ጻፍ።»

ጻፍኩ። ባዶው ፎልደር ውስጥ አዲስ ፋይል ከፍቼ፣ ያችን አንዲት ቁጥር ብቻዋን አስቀመጥኳት።

«አሁን ከአምናው ጋር አስተያየው። ሰዎቹ እዚህ አጠገቤ ቆመዋል፣ መልሱን እየጠበቁ ነው። ቀንሷል?»

እንዲሰሙኝ ቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ አደረግኋቸው። ነፋሱ ይጮሃል። አንድ ሰው ከወዲያ «ምን አለ?» ይላል።

«ጋሼ» አልኩ፣ «መብራት ሄደ።»

«ይሁና። ሲመጣ ደውልልኝ።»

«ሲመጣ እደውላለሁ።»

አናቴ ላይ ግን አምፖሉ ቦግ ብሎ እንደበራ ነው።