በውሃ የተነከረ ካራ

ያስገቡን ደብረ ብርሃን ዳር ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ጀርባህን ወደ ቆርቆሮው ስታስጠጋ ብርዱ እስከ ጥርስህ ይዘልቃል፤ ስትሸሽ ደግሞ የሰው ጉልበት ላይ ትወድቃለህ። እግር የምንዘረጋው በተራ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከእሳት አጠገብ የኖርኩ ቀጥቃጭ ነኝ፤ ከሁሉም የከበደኝ ያ ብርድ ነው።

ወንጀሌ ካራ መሥራት ነው። የአንኮበር ዳገት የሰበረውን የመኪና ባሌስትራ ከጋራዥ ለቅሜ፣ አግዬ ቀጥቅጬ ካራ አወጣለሁ። ለሽንኩርትም ለበግም ይሆናል። እነሱ ግን «የምትሠራው ጫካ ላሉት ነው» አሉኝ።

በዘጠነኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ልጄ የሚሆን ሰው ነው። አንድ ካራ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

«ከአንድ ተጠርጣሪ ላይ የተገኘ ነው። ያንተ ነው?»

አነሳሁት። በጥፍሬ መታ ባደርገው መጮህ ሲገባው እንደ ገል ኮሽ አለ። ስለቱ ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። በስመ አብ! ባሌስትራ ግሎ ውሃ ከነካው ይሰነጠቃል፤ የሚፈልገው ዘይት ነው። ይህን ለጎረቤቴ ስንቴ ነግሬዋለሁ! ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን ዘይት ተወደደ እያለ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይነክር ነበር። ያን ሰሞን ሚስቱ ወሯ ገብቶ ነበር።

«የኔ አይደለም» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ያንተ ካልሆነ የማነው? እዚያ ሰፈር ያላችሁት ቀጥቃጮች ሁለት ናችሁ» አለ። «ብረት መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው። ዛሬ ተናገርና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

ቤቴ ታየኝ፤ ወናፌ ታየኝ። ስሙ ከአፌ እንዳያመልጥ ፈራሁ።

«የኔ ነው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምነው፣ የገዛ እጄን ሥራ አላውቅም?» ብዬ ፈረምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሰው ይሰክር፣ ይስረቅ፤ እንዴት እንዲህ ያለውን ካራ የኔ ነው ይላል?

ስመለስ አጠገቤ የሚቀመጡት መሪጌታ «ምን አሉህ?» አሉኝ።

«በሐሰት መሰከርኩ፣ የኔታ።»

«በማን ላይ?»

«በራሴ።»

«ትእዛዙ ‹በባልንጀራህ ላይ› ነው የሚለው። ና፣ የኔን ተራ ውሰድና እግርህን ዘርጋ» አሉኝ።

ሰባት ወር ተቀመጥኩ። አሁን ጎረቤላ ገበያ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ጎን ለጎን ነን። ስለዚያ ካራ አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። በዘይት እንደሚነክር ግን ሲሠራ ከሽታው አውቃለሁ።

ባለፈው ገበያ፣ ያኔ ካራው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ያየ አንድ ገዢ ዕቃዬን እያገላበጠ «በተሰነጠቀ ካራ የታሰርከው አንተ አይደለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። ጎረቤቴ አንገቱን ደፍቶ ሸራውን ያስተካክላል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ያኔ ገና አልተማርኩም ነበር።»