ስትሸነፍ የሚሰማው ድምፅ

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ ልጄ የምትሠራውን ነገር የምጽፈው እኔ እንደገባኝ ነው፤ የተሳሳትኩትን የሚያውቅ ያርመኝ። "ቪዲዮ ጌም መሥራት ጀምሬአለሁ" ያለችኝ ቀን ለእኔ የገባኝ መጫወት ነበር። ይህን የምታህል ልጅ ቤት ዘግታ ትጫወታለች ብዬ አዘንኩ። ግን አልተናገርኳትም። በዚያን ሰሞን ምንም አልናገራትም ነበር፤ እፈራት ነበር።

ለምን እንደምፈራት ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ግቢው ተረበሸና ተማሪውን ሁሉ ወደየቤቱ ሰደዱት። ሌሎቹ ሲጠሩ ተመለሱ፤ የእኔዋ አልሄድም አለች። እዚያ ምን እንዳየች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። መጀመሪያ ደጅ መውጣት ተወች፤ ቀጥሎ ከሰው ጋር መቀመጥ፤ ቆይቶ ደግሞ መብላት። አንድ ቀን ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬዬን ሸጬ ስመለስ ልብሷን በሙሉ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በነጠላ ቋጥራ ጠበቀችኝ።

"ለሚፈልግ ሰው ስጪልኝ" አለችኝ።

"አንቺስ ምን ልትለብሺ ነው?" ስላት ቋጠሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ ስወጣ የሽንኩርቱን ቢላዋ ከበርበሬው ሥር፣ ዘንቢሌ ውስጥ ደብቄ ይዤው እወጣለሁ። ሌላም ያስፈራኝን ነገር ሁሉ ከቤት አወጣሁ። ባለቤቴ ወታደር ነበር፤ ወደ ሐረር ያመጣኝ እሱ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል። ፈላና በር አጠገብ፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት የሐረሪ እናት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንኖረው እኔና ልጄ ብቻ ነን። ፍርሃቴን ለአከራያችንም ሆነ ለሌላ ሰው አልነገርኩም። ከአፌ ከወጣ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ጌሙን የጀመረችው አገር ቤት ያለው ወንድሜ በላከላት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ኔትወርክ ሲመጣ ትምህርቱን በስልኳ ታወርዳለች፤ መብራት ሲኖር ትሠራለች። መጀመሪያ ያሳየችኝ አንዲት ቢጫ ሳጥን ነበረች። ሳጥኗ ከላይ መጣች፣ ወለሉን አልፋ ወረደች፣ ጠፋች።

"የት ገባች?"

"እየወደቀች ነው።"

"እስከ የት?"

"ማቆሚያ የላትም እማ። ወለሉ ወለል መሆኑን አልነገርኩትም።"

ለቀልድ ብላ አይደለም፤ እንዲሁ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። እኔ ግን በማግስቱ ገበያ ላይ ተቀምጬ እንኳ ያቺ ሳጥን ከዓይኔ አልጠፋ አለች። በርበሬ ስመዝን እሷ ትወድቃለች።

ብዙ ቆይታ ወለሉን አጸናችው። ሳጥኗ ቢጫ ጄሪካን ሆነች፤ ጄሪካኗን የተሸከመች ሴትም መጣች። ጨዋታው ይሄው ነው፤ ሴትየዋ ውሃ ቀድታ በጀጎል ጠባብ መንገድ ሽቅብ ትወጣለች። አህያ ይመጣባታል፣ ባጃጅ ይመጣባታል፣ ግንቡ ይገፋታል። ውሃውን ሳታፈስ ቤቷ ከገባች አሸነፈች። ነጠላዋን ያደገደገችው ልክ እንደ እኔ ነው፤ ዳሌዋም ሰፋ ያለ።

"እኔን ነው እንዴ የሣልሽው?"

"እሷ በሰዓቷ ነው ቤት የምትገባው" አለችኝ። ቀልዷን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ከዚያ ድምፅ ፈለገች። እሷ ስለማትወጣ ስልኩን ለእኔ እየሰጠች ትልከኝ ጀመር። የልብስ ሰፊዎቹን የስፌት መኪና፣ ጄሪካን ውስጥ የሚንቦጫቦጭ ውሃ፣ ድንጋዩ ላይ የጫማዬን ኮቴ ቀድቼ አመጣሁላት። ውሃው ሲፈስ፣ ማለት ተጫዋቹ ሲሸነፍ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ቀረ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው።

"እማ፣ አልቅሺልኝ።"

"ምን?"

"ትንሽ ብቻ። እሪ ብለሽ።"

"ሰው ሳይሞት? ሟርት እኮ ነው! እመብርሃን ትጠብቀን።"

"ለውሃው አልቅሺ። ባለፈው ጄሪካኑ በር ላይ ሲደፋብሽ አልቅሰሽ የለ?"

"ያን ጊዜማ ውሃ ከጠፋ ስንት ቀኑ ነበር።"

"እሷስ? በቧንቧ የሚመጣላት መሰለሽ?"

እምቢ ልል ነበር። ግን ስንት ወር ሙሉ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም፤ ምግብ እንኳ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ካየሁሽ እስቃለሁ" ብላ ውስጠኛው ክፍል ገባች፤ በሩንም ዘጋችው።

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የውሸት ነበር፤ ራሴን አሳፈረኝ። ሁለተኛውንም ለውሃው ብዬ ጀመርኩት። ከዚያ ዓይኔ በሩ ላይ አረፈ። የተዘጋ በር ነው፤ እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። በነጠላዬ አፌን አፍኜ የያዝኩት ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ደረቴን እየደቃሁ እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም። ላቁም ብል አልቆም አለኝ።

ጀጎል ውስጥ ግቢ ከግቢ የተጣበቀ ነው፤ የአንዱ ጩኸት የሁሉም ነው። መንገዱ ላይ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ፤ በሩ ተበረገደ። አከራያችን በባዶ እግራቸው፣ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ተንጠልጥሎ ገቡ። ከኋላቸው የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሚስት እጇ ሊጥ እንደሆነ፤ ከእሷም ኋላ ሌሎች ሴቶች።

"ኢንና ሊላሂ! ልጅቷ ናት? ልጅቷ ናት አይደል?" አሉ አከራያችን።

ሳልመልስ የልብስ ሰፊው ሚስት በሊጥ እጇ ራሷን ያዘች። "ብዬ ነበር እኮ! ይቺ ልጅ አንድ ቀን ጉድ ትሠራናለች ብዬ ነበር! ወይኔ!"

ማን ሞተ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ለማንም ያልነገርኩትን ነገር መንደሩ ሁሉ ያውቀው ኖሯል፤ ሁሉም በየቤቱ ሆኖ ይጠብቀው ኖሯል።

የውስጡ በር ተከፈተ። ልጄ ደፉ ላይ ቆመች።

"እኔ ነኝ የሞትኩት?" አለች።

ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

ቀድመው የነቁት አከራያችን ናቸው። ሄደው ትከሻዋን ሁለቴ በመዳፋቸው መቷት፤ ወዲያው አቀፏት። "አንቺ ልጅ! ልቤን ልታቆሚው ነው?" እኔም እየተንተባተብኩ የጌሙን ነገር አስረዳኋቸው።

"ለጨዋታ? ለጨዋታ ይለቀሳል? አስተግፊሩላህ! እኛ ሰው ሞቶብን እንኳ እንዲህ መጮህ ሐራም ነው እንላለን፤ አንቺ ለጄሪካን!"

"አቦ እማማ፣ ጄሪካን አይናቁ! ውሃ የጠፋ ለታ እርስዎም ሊያለቅሱ ምንም አልቀረዎትም" አለች የልብስ ሰፊው ሚስት፤ ሊጡ ፀጉሯ ላይ ደርቋል። ሴቶቹ ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም። ስልኩን ከጠረጴዛው አነሳች።

"እሱ ነገር ይሰማናል እንዴ?" አሉ አከራያችን።

"አዎ እማማ። እርስዎንም ቀድቷል።"

"አጥፊው ወላሂ!"

ሲወጡ ልጄ እስከ ግቢው በር ሸኘቻቸው። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ቢላዋውን ይዘሽው እንደምትወጪ አውቃለሁ" አለችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። እነሱም እንዳንቺ እንደሚፈሩ ግን አላወቅሁም ነበር።"

እኔም ልብሱን ለምን ቋጠርሽው ብዬ ልጠይቃት ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ። በማግስቱ አከራያችን ለብሰው መጡና "ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንወስዳታለን" አሉኝ። ሦስታችን ሄድን። አሁን ክኒን ትወስዳለች፤ ክኒኑም ከቢላዋው ጋር ዘንቢሌ ውስጥ ነው የሚውለው።

ለቅሶዬን አጠፋችው። አሁን ውሃው ሲፈስ የሚሰማው ያ ስልኩ የቀዳው ኮቴ ነው፤ በጠባቡ መንገድ ወደ እኛ ቤት የሚሮጡ ሴቶች። ከዚያ በሩ ሲበረገድ ይሰማል፤ ሴትየዋ ጄሪካኗን አንስታ ከታች ትጀምራለች።

ከገበያ ስመለስ ግቢው በር ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ኮቴው ከተሰማኝ ልጄ ተሸንፋ እንደገና ልትጀምር ነው፤ እፎይ እላለሁ። ችግሩ፣ ሰሞኑን ጨዋታውን እየቻለችው መጥታለች። ውሃውን ሳታፈስ ቤት ታስገባዋለች፤ ቤቱም ጭጭ ይላል። ያኔ በርበሬዬን በር ላይ ጥዬ የምሮጠው እኔ ነኝ።