እሁድ እሁድ በስፓኒሽ

ስፓኒሽ የተማርኩት አንዲት ሰው ለማናገር ነው። ኮልፌ ውስጥ ሰው የውጭ ቋንቋ ከጀመረ ቪዛው ደርሷል ማለት ስለሆነ፣ የምሠራበት ቤት ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ የምትመጣው ሁሉ "መቼ ነው የምትበሪው?" እያለች ታደርቀኝ ነበር። እኔ የምበርበት አገር የለኝም። የበረረችው ታናሽ እህቴ ናት፣ ያውም በአራት ዓመቷ።

አባታችን ሞቶ እናታችን አልጋ በያዘችበት ዓመት እህቴን ለስፔን ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ሰጧት። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትልቅ ነሽ፣ እናትሽን ታስታምሚያለሽ ተብዬ ቀረሁ። እናቴ ትሞታለች ብለው ነበር ሁሉም፤ እሷም ራሷ ብላ ነበር። አልሞተችም። በዓመቱ ተነስታ ቆመች፣ ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረች። ልጇን የሰጠችው ልትሞት ስለሆነ ነበርና፣ አለመሞቷን እንደ ጥፋት ይዛው ኖረች። ጎረቤት "እግዜር ማረሽ" ሲላት ፊቷ ይጠቁር ነበር።

እህቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ወረቀቷን ይዞ ሰፈር ለሰፈር የሚጠይቅ ሰው ላከችና አገኘችን። በመጀመሪያው የቪዲዮ ጥሪ እናቴ ስፔን ሩቅ ስለሆነ እየጮኸች ነው ያወራችው። እህቴ አማርኛዋ ጨርሶ ጠፍቷል። ስልኩ ይተርጉምልን ብለን ሞከርን። እናቴ እንባዋን እየጠረገች "አንጀቴን በላሽው እኮ ልጄ" ስትላት፣ ስልኩ ምን ብሎ እንደነገራት እንጃ፣ ልጅቷ ደንግጣ "እኔ ምንም አልበላሁም" አለች። እኔ ሳቅኩ። እናቴ ግን ስልኩን ለእኔ ሰጥታኝ ወደ ግድግዳ ዞረች። ያን ቀን ነው ይሄን ቋንቋ አፌን እንደፈታሁበት አድርጌ እናገረዋለሁ ብዬ የማልኩት።

አየር ጤና ጋራዥ ያላቸው አንድ መካኒክ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ኩባ ተልከው ተምረው የመጡ። ከሥራ ስወጣ ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ይዤ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን ደብተር ይዤ ስሄድ ነጥቀው እጃቸውን ጠረጉበት።

"ጋሼ፣ ምነው?"

"ጽፈሽ ማንም አልለመደም። ተቀመጪና ዛሬ ምን እንደዋልሽ ንገሪኝ።"

እሳቸው መኪና ሥር ይገባሉ፣ እኔ ጎማ ላይ ተቀምጬ ለጫማቸው አወራለሁ። ቆም ካልኩ ከሥር በመፍቻ ብረቱን ኳ ያደርጉታል። ያንኑ ወሬ ሦስቴ ያስደግሙኛል፤ ሦስተኛው ላይ ፈጣን ካልሆነ አራተኛ አለ። "ቃል ሲጠፋሽ አትቁሚ፤ ዞረሽ እለፊ" ይሉኛል። "ሰው የሚነቃብሽ በስህተትሽ አይደለም፣ በመቆምሽ ነው።" ይቺን ምክር እንደ ጸሎት ያዝኳት። በኋላ ምን እንደማደርግባት ባውቅ ኖሮ እዚያው ጎማው ላይ ትቻት በመጣሁ።

ቤት ስገባ ብቻዬን አወራለሁ። ልብስ ሳጥብ አወራለሁ፣ ሽንኩርት ስከትፍ አወራለሁ። በአንድ ግድግዳ የምንለያየው ጎረቤታችን ጴንጤ ናቸው። አንድ ጠዋት በደስታ እንባ እያነቡ መጥተው አቀፉኝ፤ ለካ ስንት ሳምንት በልሳን የምጸልይ መስሏቸው ከወዲያ አሜን ሲሉልኝ ኖረዋል። ስፓኒሽ ነው ስላቸው በጣም አዘኑ። እናቴ ግን ለሳምንት ሳቀች።

መማር በጀመርኩ በሁለት ዓመቴ ተርጓሚ ሆንኩ። እሁድ ከሰዓት እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ስልኩ ፊት ትቀመጣለች፣ እኔ ከጎኗ። እህቴ ትስቅብኛለች። "ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማሽ አንድ ሽማግሌ የኩባ ሾፌር ነው የሚመስለኝ" አለችኝ፤ የቃሉን ጭራ እንደ መምህሬ እውጠው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን እሱንም ተወች። አንድ ጊዜ መሃል ላይ ቆም ብላ "ቋንቋው ያንቺ እንዳልሆነ ረሳሁት" አለችኝ። በሕይወቴ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ እንደዚህ ያስደሰተኝ የለም። እናቴ ከጎን "ምን አለች? ምን አለች?" እያለች ትጎትተኝ ነበር። ስለ እኔ እንደሆነ ልነግራት አፈርኩና "ናፍቃሻለች" አልኳት።

እህቴ የዩኒቨርሲቲ ፈተናዋን ሰኔ ላይ ጨርሳ ነሐሴ ላይ ልትመጣ ቲኬት ቆረጠች። እናቴ ግንቦት ላይ ሞተች። ለሦስት ቀን ብቻ ታመመች፣ ማታ ሾርባ ጠጥታ ጠዋት አልነቃችም።

ከቀብር ስንመለስ የእናቴ ወንድም፣ አጎታችን፣ ሰውን ሰብስበው ተናገሩ። "ልጅቷ ሰው አገር ብቻዋን ናት። ፈተና ላይ ናት። በስልክ ብንነግራት ማን ይይዛታል? ስትመጣ ሰው ሰብስበን በወጉ እናረዳታለን።" ሁሉም "ደግ ነው" አለ። እኔም አልኩ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው፤ ሰው ሩቅ ካለ ይደበቃል፣ ሲመጣ ጠዋት ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ ይነገረዋል፣ ሲወድቅ የሚያነሳው እጅ እንዳይጠፋ። ብቻውን ያለን ሰው በስልክ ማርዳት ጭካኔ ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

ግን ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ለአጎቴም ለማንም አልተናገርኩም። እህቴ የምትደውለው ለእናቷ ነው። እናት ከሌለች እኔን ለምን ትደውልልኛለች? ያቺን እሁድ ልቀማ ነው ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ ዋሸሁ። የመጀመሪያውን እሁድ ጸበል ሄዳለች አልኳት። ሁለተኛውን ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል፣ ተኝታለች አልኩ። ሦስተኛው ላይ "ተኝታም ቢሆን አሳዪኝ" አለችኝ። ቃል አልጠፋኝም፤ ዞሬ አለፍኩ። እናቴ ተኝታ መታየት እንደማትወድ፣ አንዴ ተኝታ ፎቶ ባነሳት እንዴት እንዳባረረችኝ፣ ከአልጋ ወርዳ አንድ እግር ጫማ ይዛ እስከ በር እንደተከተለችኝ ነገርኳት። ከዚህ አንዱም የሆነ ነገር አልነበረም። እህቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሰው በኩል ሻል ላከችላት፣ ግራጫ፣ በጣም ለስላሳ። እናታችን ሻሉን ለብሳ እንዴት በሰፈሩ እንደተንጎራደደች ተረኩላት። ሻሉ እንደታሸገ ሳጥን ውስጥ ነበር።

ለመምህሬ ስነግራቸው መፍቻውን አስቀመጡ። "እኔም ኩባ እያለሁ አባቴ ሞቶ አራት ዓመት ደብቀውኛል" አሉ።

"ደግ አደረጉ፤ ምን ያደርጉ ነበር?" አልኳቸው።

"አራት ዓመት ለሞተ ሰው ደብዳቤ ጻፍኩ" አሉና መኪናው ሥር ገቡ። ያን ቀን ብቆም አያንኳኩብኝም ነበር፤ እኔ ግን አልቆምኩም፣ የሥራ ወሬዬን ቀጠልኩ።

ነሐሴ ላይ በጠዋት አውሮፕላን መጣች። ኤርፖርት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "እናታችን ለምን አልመጣችም?" አለችኝ። ወጉ በመንገድ አይነገርም ነው። "ቤት እየጠበቀችሽ ነው" አልኳት። ከዋሸሁት ሁሉ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ቤታችን እስከ ደጁ ሞልቷል። ዝናብ ነበር፣ ጣሪያው ጥግ ላይ ሳፋ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። እህቴ የአቀባበል ድግስ መሰላት። እኔ በስልክ እንዳስተማርኳት ጉንጫቸውን ሦስት ሦስቴ እየሳመች በሰልፍ ዞረች፤ ሁሉንም እያየች እናቷን ትፈልጋለች። አሮጊት ባየች ቁጥር ወደ እኔ ዞራ በዓይኗ "የት ናት?" ትለኛለች። አጎቴ ተነሱና "ልጄ፣ አይዞሽ፣ በርቺ…" ብለው ሳይጨርሱ ቤቱ በዋይታ ተናጋ።

"ምን አሉ?" አለችኝ።

"እናታችን ሞታለች።"

"አሁን?"

"ግንቦት ላይ።"

በጣቷ ቆጠረች። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። "ሻሉስ?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ይህን ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

"ሳጥን ውስጥ ነው። አልተፈታም።"

ሴቶቹ ሊይዟት ተነሱ። ያን ሁሉ ወር የዋሸሁት ለእነዚህ እጆች ነበር። እሷ ግን እጃቸውን እየመታች "አትንኩኝ፣ ማናችሁም አትንኩኝ" አለች። "ምን አለች?" አሉኝ ሴቶቹ።

"አመሰግናለሁ ብላለች" አልኩ።

ሆቴል ይዛ አራት ቀን ቆየች። መቃብሩን ያየችው እንግሊዝኛ ከሚችል ሾፌር ጋር ሄዳ ነው። በመጨረሻው ቀን ሆቴሉ በር ላይ ጠብቄ አገኘኋት። ወጉን ልነግራት፣ ለእሷ ብለን እንደሆነ ላስረዳት ጀመርኩ። አሳምሬ ነበር የምናገረው፤ አፌ ላይ ይፈስ ነበር። እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"ብትንተባተቢ ኖሮ አውቅብሽ ነበር" አለችኝ። "እንዲህ አሳምረሽ ስለምትናገሪ ነው ያመንኩሽ።"

ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። የምልክላትን አታነብም። እሁድ ሲመጣ ከሰዓቱን የት እንደማደርገው አላውቅም። ጋራዡንም ትቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ስልካቸውን ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጡ። እህቴ ድምጿን ቀድታ ልካላቸዋለች፣ በአማርኛ። ከማን እየተማረች እንደሆነ አላውቅም፤ ከእኔ አይደለም። አንዷን ቃል ሦስቴ ትጀምራለች፣ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች። "አጎቴ… እናቴ… መጨረሻ ቀን… ምን አለች? እርስዎ… እርስዎ ይንገሩኝ። እህቴን… አይጠይቁ።"

ሁለቴ አሰሙኝ። "እኔ ምን አውቃለሁ?" አሉ። "ያን ማታ አንቺ ብቻ ነበርሽ አጠገቧ።"

ነገርኳቸው። እናቴ ሾርባውን ጨርሳ ጣሪያውን እያየች "በክረምት ነው የምትመጣው፤ እንዳያፈስባት አሠሪው" ነበር ያለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም አላሠራሁትም።

አጎቴ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ይሄንን ልላክላት።"

"ከእኔ እንደሰሙት ይንገሯት" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና አንገታቸውን ነቀነቁ። "እንዲያ ካልኳትማ አታምነኝም።"

ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው "ልጄ፣ እኔ ነበርኩ ያን ማታ አጠገቧ" ብለው ጀመሩ። አላረምኳቸውም።