በመዳብ ድስት ያደረው ጠላ

የወንድሜ ልጅ ትርንጎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ታጠናለች። ሰሞኑን ለእረፍት ንፋስ መውጫ መጥታ በስልኳ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ፤ በሰማያዊ መብራት ሲያዩት አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ውሃ ነው። የሚያበራው ከባሕር እንስሳ ተገኝቶ በላቦራቶሪ የተሻሻለ ፕሮቲን ነው አለችኝ። መዳብ ያለበት ጠብታ ሲጨመርበት ብርሃኑ ድርግም አለ። «መዳብን እንዲለይ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ጋሼ» ስትለኝ በልጅነቴ ያየሁት የመዳብ ድስት ትዝ አለኝ።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መንደራችን ከወገዳ ወዲያ ነው። ወሩ ጥቅምት፣ ገብሱ ያሸተበት፣ መንገዱ ግን ከጭቃ ገና ያልተላቀቀበት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አለምነሽ የሚካኤል ማኅበር ተረኛ ነበሩ። ጠላውን ከጋኑ አጥልለው እንደ ደንቡ ቀመሱ። ከዚያ ለመልአኩ ክብር ብለው፣ ወንድማቸው ከጎንደር ያመጣላቸው የሚያብለጨልጭ የመዳብ ድስት ውስጥ ገልብጠው አሳደሩት።

በማግስቱ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ፤ እትዬ አለምነሽ በማስተናገድ ተጠምደው አልጠጡም። አንዳንዱ ጌሾው በዝቷል አለ እንጂ የተወ የለም፤ እኔም ከአባቴ ጎን ሆኜ ጠጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ትውከት በትውከት ሆነ። ሽሮው ከኮመጠጠ ጠላ ጋር መደቡ ላይ ሲንዠቀዠቅ ይታየኛል፤ ሽታው እስከ ዛሬ ይቀፈኛል። ከዚያ የባሰ የቀፈፈኝ ግን የሰዎቹ አፍ ነው። ገና ሳይጠርጉት «መድኃኒት አድርጋብናለች» አሉበት። እትዬ አለምነሽ አለመታመማቸው ማስረጃ ሆነ፤ የቀመሱት ከጋኑ መሆኑን የጠየቀ አልነበረም።

እትዬ አለምነሽ የንስሐ አባታቸው እግር ላይ ወደቁ። «አባቴ፣ የቀረውን ይስጡኝና በፊታችሁ ልጨልጠው።»

ቄሱ ፊታቸውን አዞሩ። «ርኩስ ነው፤ ድፉት።»

ጓሮ ተደፋ። ባዶው ድስት ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ አየሁት፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ጽዋው ከቤታቸው ወጣ፣ ዳግመኛም አልገባም። እሳት እንኳ የሚያጫጭራቸው ሲጠፋ ቤታቸውን ዘግተው እስቴ ከሚኖር ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ስንት ዘመን እንጀራቸውን የበላ ጎረቤት ሊሸኛቸው አልወጣም። እንዲህ ያለ ሰው ያስጠላኛል፤ ዛሬም አልወጣልኝም።

ይህን ሁሉ ለትርንጎ ነገርኳት። የኮመጠጠ ጠላ መዳቡን እንደሚያሟሟው፣ መዳቡም እንደሚያስመልስ፣ ከዚያ ጠላ ጥቂት ቢተርፍ ያ የሚያበራው ፕሮቲን መዳቡን ያጋልጥ እንደነበር አስረዳችኝ። እስቴ ሄደን እንንገራቸው አለች።

እትዬ አለምነሽ አርጅተዋል፣ ግን አሉ። ምን ብለን እንነግራቸዋለን? መድኃኒት አለማድረጋቸውን እሳቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ያውቁታል። ሊነገራቸው የሚገባው እነዚያ ማኅበርተኞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ዛሬም ወር በገባ በአሥራ ሁለት ሚካኤል ብለው ጽዋ ያነሳሉ።