እናቴ ጀልባዋን ያጠበችበት ቀን

ምራቴ ምሕረት ባለፈው ሳምንት የእንፋሎት ማጽጃ ገዝታ መጣች። ውሃ ይሞላበታል፣ ያፈላዋል፣ ከዚያ እንፋሎቱን በቱቦ እየተፋ ሶፋና ምንጣፍ ያጸዳል። ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት ታሞ የከረመበትን ሶፋ ልታጸዳልኝ ነው። ደግ ልጅ ናት፣ ክፋት የለባትም። ማሽኑ ሲያፏጭ ግን ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ያን ድምፅ ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር፤ ጆሮ ለካ አይረሳም።

ያኔ ኮሌጅ ለመግባት የምጠባበቅ ወጣት ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ይሠራ ነበር። ሰውየው ከአገሩ ያስመጣት፣ ከፋይበርግላስ የተሠራች ነጭ ባለሸራ ጀልባ ነበረችው። በጋውን አባያ ሐይቅ ላይ ይንሸራሸርባታል፤ ክረምት ሲገባ በተሳቢ ተጎትታ ወላይታ ሶዶ ትመጣና እኛ ግቢ፣ እንሰቱ ጎን ትቆማለች። ውስጧ ሁለት ጠባብ አልጋ ያላት ክፍል አለ። ጠባቂዋ ማርቆስ ስለነበር የሚያድረው እዚያ ነው። ሐይቅ በሌለበት ዳገት ላይ ጀልባ ቆማ ያየ ሁሉ ይስቅብናል። የሰፈር ሰው “የኖህ ቤተሰብ” ብሎ ስም አውጥቶልን ነበር፤ ማርቆስም ዝናብ በጠነከረ ቁጥር “ኑ ግቡ፣ በሩን ልዘጋ ነው” እያለ ያሾፋል።

በዚያ ዓመት ከሐይቁ ዳር ወባ ይዞት መጣ። ይለቀኛል እያለ እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ረፍዶ ነበር። ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ በዋለበት በነሐሴ ዝናብ ቀበርነው።

እናቴ አላለቀሰችም። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች መሪ ነበረች፤ አማኝ ተስፋ አለው፣ ደረት እየደቃ አይጮህም እያለች ስንቱን ሐዘንተኛ ስታጽናና ኖራለች። ጎረቤታችን እትዬ አለሚቱ ሴት ልጇ ስትሞትባት የጥንቱን ለቅሶ ብትጀምር፣ አፏን በእጇ ይዛ ዝም ያሰኘቻት እናቴ ናት። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረም። ተራው ሲደርሳት እናቴ ለራሷም አልራራችም። መዝሙሩን አብራ ዘመረች፣ ሰዉም ጽናቷን አደነቀ። እኔ ግን እህል አልወርድላት ሲል፣ ልብሷ ሲሰፋት አያለሁና ፈራሁላት። ማልቀስ ያቃታት ሰው ምን ይደረጋል?

መስከረም ሲጠባ ፈረንጁ ጀልባዋን ለአንድ የአርባ ምንጭ ሰው ሰጥቶ አገሩ ሊገባ ሆነ። የክረምቱ እርጥበት ውስጧን አሻግቶት፣ ግድግዳዋ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። በሽቦ ቢፈተግ ይቧጨራል ብሎ፣ ሚስቱ ምንጣፍ የምታጸዳባቸውን ሁለት የእንፋሎት ማሽኖች አመጣና ሠራተኛ ልቅጠር አለ። እናቴ “ልጄ የተኛበትን ሌላ ሰው አያጥበውም” አለችው።

እሷ ቱቦውን ይዛ ገባች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ማሽኖቹን እሞላለሁ። አንዱ ውሃ ሲጨርስ እስኪበርድ ክዳኑ አይከፈትምና፣ ያን ጊዜ ሌላውን አቀብላታለሁ። ሊያጽናኑን የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አቮካዶው ሥር ተቀምጠው የተቀቀለ የቦዬ ሥራሥር በዳታ በርበሬ ይበላሉ። እትዬ አለሚቱም መጥታ ዳር ላይ ተቀምጣለች።

መጀመሪያ የወጣው የሻጋታ ሽታ ነው። ግድግዳው እየሞቀ ሲሄድ ግን የማርቆስ ሽታ መጣ፤ የፀጉር ቅባቱ፣ የዓሣው፣ የላቡ። ወዲያው ከፉጨቱ ሥር ድምፅ ሰማሁ። ተቃጠለች ብዬ ጎንበስ አልኩ። እናቴ ትራሱ የነበረበትን ግድግዳ በእንፋሎት እያበሰች፣ በወላይትኛ፣ በጥንቱ ዜማ ታለቅሳለች። ቁመቱን ታወሳለች፣ ሣቁን ታወሳለች። “ታ ናኣው” ትለዋለች፤ ልጄ ሆይ ማለት ነው።

ማሽኑ እስካፏጨ ድረስ ውጭ ያሉት አይሰሟትም። ይህ ሲገባኝ አንዱ ሳይደክም ሌላውን ማቀበል ጀመርኩ። ግድግዳው ከጸዳ ቆይቷል፤ እሷ አላቆመችም፣ እኔም ውሃ መሙላቴን አልተውኩም።

ከዚያ መብራት ሄደ። ሶዶ ውስጥ መብራት መሄዱ ወሬ አይደለም። ፉጨቱ ቀጠነና ጠፋ፤ የእናቴ ድምፅ ብቻውን ቀረ።

“ታ ናኣው፣ ስትንቀጠቀጥ ያላቀፍኩህ!”

ሴቶቹ ቦዬውን እንደያዙ ቀሩ። አንዷ አንገቷን ደፋች። እናቴም የገዛ ድምፅዋን ሰምታ ለቅሶዋን አቋረጠች። ዘልዬ ገብቼ ልደብቃት ቃጣኝ። ይኼኔ እትዬ አለሚቱ ተነሣች። ቀስ ብላ መጥታ መዳፏን ነጩ ግድግዳ ላይ አሳረፈችና፣ በዚያው ዜማ፣ ማርቆስን በስሙ ጠራችው።

እናቴ ብቅ አለች። ፊቷ ላይ የሚወርደው እንባ ይሁን እንፋሎት አይለይም።

“ያን ቀን አፍሽን የያዝኩሽ እኔ ነኝ” አለቻት።

“እሱን ተይው። አልቅሺ፣ እኔ እቀበልሻለሁ።”

አለቀሰች። አለሚቱ ዜማውን እየደገመች ተቀበለቻት፤ ቆይተው ሌሎቹም ተቀበሏት። ማታ እናቴ ጥቂት እህል ቀመሰች። ጀልባዋም እንደ አዲስ ነጥታ ወደ አርባ ምንጭ ሄደች፤ ምን እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም። እናቴ የሴቶች መሪ እንደሆነች አረጀች፤ ሐዘንተኛን ዝም በይ ስትል ግን ዳግመኛ አልሰማኋትም።

ያን ቀን ለእናቴ የደረሰላት ማሽኑ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ባለቤቴን ስቀብር እኔም ዘመርኩ፤ ሰዉም “እንደ እናቷ ጽኑ ናት” አለ። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ምሕረትን “ሶፋውን እኔ አጸዳዋለሁ፣ አንቺ ውጪ” አልኳትና በሩን ዘጋሁ። እንፋሎቱ አፏጨ፣ የእሱም ሽታ መጣ፣ ድምፄም ወጣ። ግን አልቀለለኝም። ብቻዬን ነበርኩ። ሌላ ጊዜ የማይቆየው መብራት ደግሞ ያን ቀን አልሄድ አለ።

ማሽኑን በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ምሕረት ድምፄን ሰምታ በሩን ከፈተች። የከተማ ልጅ ናት፣ የጥንቱን ዜማ አታውቅም። አጠገቤ ተቀምጣ “አባባ፣ አባባ” እያለች ተቀበለችኝ።