ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ

ዲቪ ደርሶኝ ዳላስ የገባሁት በፈረንጆቹ 2008፣ ሙቀቱ ሰው ከቤት በማያስወጣበት ሰሞን ነው። ኤርፖርት የተቀበለችኝ አብራኝ አንድ አልጋ ላይ ያደገች ልጅ ናት። ወላጆቿ በልጅነቷ ሲሞቱ፣ ጎረቤት ነበርንና እናቴ እጇን ይዛ ወደ ቤታችን አመጣቻት። አባቴን አባዬ፣ እናቴን እማዬ እያለች አደገች። ከእኔ ቀድማ አሜሪካ ገብታ እዚያው አገባች።

መኪና ውስጥ፣ «ቤታችን ገና እየተሠራ ነው» አለችኝ። «እስኪያልቅ እኛም አማቶቼ ጋ ተጣብበን ነው ያለነው። አንቺ ለጊዜው የባሌ ወንድም አፓርትመንት ትቆያለሽ። ትራክ ስለሚነዳ ቤቱን አያየውም። ማለቴ፣ እዚያ ነጻነት ይኖርሻል።»

አፓርትመንቱ ካሮልተን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቁም ሣጥኑ በሰውየው ጫማና ጃኬት ስለተሞላ ልብሴን ከሻንጣዬ አላወጣሁም። የዕቃ ማጠቢያውን ማሽን እንደ መደርደሪያ ተጠቀምኩበት። የመጀመሪያ ቀን ሽንኩርት ስጠብስ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸብኝና ምጣዱን እንደያዝኩ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ከታች የሚኖሩ የወሎ እናት መጥረጊያ ይዘው ወጡ፤ በእጀታው ቁልፉን ጫን አድርገው ዝም አሰኙት።

«አብሽሪ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እኔንም ስመጣ እንዲሁ ነው ያስደነገጠኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቻዬን አልነበርኩም። እሳቸው ሴት ልጃቸው ጋ ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ። ልብስ ማጠቢያው ቤት አብረን እንወርዳለን፤ ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ በመኪና ማቆሚያው ዙሪያ እንራመዳለን። ወደ ከተማው የሚወስደው ባቡር ገና እየተሠራ ነበር፤ መኪና የሌለው ሰው ከግቢው ርቆ የሚሄድበት የለውም።

እህቴ የምላት ያቺ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ ይዛልኝ ትመጣለች። የመኪናዋን ቁልፍ ከእጇ ሳታስቀምጥ ሶፋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች።

«ቤቱስ?» እላታለሁ።

«የማዘጋጃ ቤቱ ኢንስፔክሽን ይቀረዋል» ትለኛለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ቀለሙ ነው ያስቸገረን።» አዘንኩላት እንጂ አልጠረጠርኳትም።

አንድ እሑድ የወሎዋ እናት፣ «የልጄ የሥራ ባልደረባ ቤቷን ታስመርቃለች። ብቻሽን ከምትውዪ ነይ፣ ከሰው ትተዋወቂያለሽ» አሉኝ። ያለኝን ጥሩ ቀሚስ ለበስኩ። የሠሩትን ሳምቡሳ ጭኔ ላይ ይዤ፣ ልጃቸው እየነዳች ግራንድ ፕሬሪ ደረስን። አዳዲስ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። በሩን የከፈተችልን እህቴ የምላት ያቺው ልጅ ነበረች።

የወሎዋን እናት ልጅ አቀፈች፣ እሳቸውን ጎንበስ ብላ ሳመች፣ ከዚያ እኔን አየች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ፣ ለእንግዳ በሚወጣ ድምፅ። ዞር ብላ ለባሏ እናት፣ «አገር ቤት የሰፈራችን ልጅ ናት፤ አዲስ ነው የመጣችው» ስትል ሰማኋት።

ቤቱ አዲስ አይመስልም ነበር። አማቷ አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ «ከገቡበት እኮ ከርመዋል፤ ድግሱ ነው የዘገየው» አለችኝ። ላዳምጣት እየሞከርኩ ቀና ስል፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ ፎቶ አየሁ። አባቴ ነው። አጠገቡ እናቴ ተቀምጣለች፣ መሐላቸው እሷ ቆማለች። ፎቶውን አውቀዋለሁ። ስንነሳ በእናቴ በኩል እኔም ነበርኩ። አሁን ጠርዙ ተቆርጦ፣ እናቴ ጉልበት ላይ ያሳረፍኳት እጄ ብቻ ቀርታለች።

አማቷ ዓይኔን ተከትላ አየች። «የምራቴ ወላጆች ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ሁለቱም አልፈዋል። ያለ እሷ ልጅ አልነበራቸውም። ታውቂያቸው ነበር?»

አባቴ አርፏል፣ እውነት ነው። እናቴን ግን በዚያው ሳምንት በስልክ ካርድ አነጋግሬያታለሁ። «ያቺ ልጄስ ደህና ናት?» ብላ ነበር የጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኳት አማቷን። «አውቃቸዋለሁ።»

እሷ የወጥ ቤቱ በር ላይ ትሪ ይዛ ቆማ ታየኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልናገር እችል ነበር፤ ሳህኔን አንስቼ ቀና ሳልል በላሁ። ስንመለስ የወሎዋ እናት እጄን ያዙኝ እንጂ ምንም አልጠየቁኝም።

በማግሥቱ እሷ መጣች። ያን ቀን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«የባሌ ቤተሰቦች የማን ልጅ ነሽ የሚሉ ሰዎች ናቸው» አለች። «የአባዬን ስም ጠራሁላቸው። ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ።»

«እሺ፣ አባዬ ይሁን። እማዬን ለምን ገደልሻት?»

«ለሠርግሽ ለምን አልመጣችም፣ በስልክ አገናኚን ሲሉኝ ምን ልበል? ሲያወሩ አሳዳጊዋ ነኝ ብትላቸውስ?»

«እኔስ?»

«አንቺን ይጠይቁሻል። አንቺ ደግሞ መዋሸት አትችዪም።» ከዚያ ድምፅዋ ከረር አለ። «እኔም እኮ ልጇ ነኝ።»

«ልጇማ ነሽ» አልኳት። «በቁሟ መቅበርሽ የሚያመኝ ለዚያ ነው። ባዕድ ብትሆኚ ምን ገዶኝ።»

አለቀሰች፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። ስትወጣ በሩን እንደያዘች፣ «የባሌ ወንድም ሊመለስ ነው፤ ስለዚህ... ቤት መፈለግ ብትጀምሪ» አለችኝ። እውነት ሊመለስ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሻንጣዬ እንደተዘጋጀ ስለነበር መውጣቱ አላስቸገረኝም። የወሎዋ እናት የልጅ ልጆቻቸው ክፍል ውስጥ አንጥፈው አስተኙኝ። ልጃቸው ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሥራ አስገባችኝ፤ ቆይቼ እዚያው አቅራቢያ በስሜ ቤት ተከራየሁ። ያቺ እህቴ ደጋግማ ኮል አደረገች፤ አላነሳሁም። እናቴ በጠየቀችኝ ቁጥር «ሥራ በዝቶባት ነው» እያልኩ አለፍኩ። መዋሸት አትችዪም ያለችኝን ሰው ውሸት እኔ ስጠብቅላት ከረምኩ።

በሚቀጥለው ዓመት እናቴ አረፈች። ወሬው በሐበሻው መሐል ደርሶ ሰው ቤቴን ሞላው። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአማቷ ጋር መጣች። አማቷ ደረቴ ላይ አልቅሳ፣ «የእናት ሞት ምን እንደሆነ ምራቴን ጠይቂያት» አለችኝ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከሩቅ ከመጡት ለቀስተኞች ጋር ተቀመጠች። «እማዬ» ብላ መጮኽ አልቻለችም። ከንፈሯን ነክሳ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

ሲሄዱ ተነስቼ ሸኘኋቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ እሷ፣ እንደማንኛውም ሰው።

«አሜን» አልኳት።