ሶማሌ ተራ የተገመተው ዲግሪ

የወንድሜ የከማል ልጅ ሐናን ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥታ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን የምትሞላበት ሰሞን ነውና ስልኳን እያገላበጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "አክስቴ፣ ሜካኒካል ያዋጣል?" አለችኝ። በዚህ ሙያ ሠርተው ጡረታ ከወጡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነኝ፤ ጥያቄው ለሚመለከተው ሰው ቀርቧል። ሆኖም ወዲያው አልመለስኩላትም። ይህንኑ ጥያቄ ከአርባ ዓመት በፊት ሁለት ሰዎች ፊቴ ቁጭ ብለው ሲመረምሩት ሰምቻለሁ። መልሱን ያገኙት ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አዲስ መኪና እንደ ልብ ስለማይገባ አሮጌው ሁሉ ከአንዱ እየተነቀለ ለሌላው እየተገጠመ ይኖር ነበር። አባቴ ሶማሌ ተራ ውስጥ በነበረቻቸው ጠባብ ሱቅ የሚሸጡትም ይህንኑ ነው፤ ያገለገለ ካምቢዮ፣ ያገለገለ ባሌስትራ፣ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ ራዲያተር። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል። ተሸካሚዎች "ዞር! ዞር!" እያሉ ሞተር በትከሻቸው ያሳልፋሉ፤ ከበርበሬ ተራ የሚመጣው ሽታ ከናፍጣና ከእርጥብ ዝገት ጋር ተደባልቆ ያስነጥሳል። ዛሬም ዝናብ የመታው ብረት በሸተተኝ ቁጥር አፍንጫዬ በርበሬውን ይጠብቃል።

በዚያ ክረምት የምህንድስና ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ እረፍት ላይ ነበርኩ። በክፍላችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የትምህርት ክፍያ ችግር አልነበረብንም፤ መንግሥት ያስተምር፣ ያበላ፣ ያሳድር ነበር። ችግሩ የአባቴ ዓይን ነው። ሞራ ጋርዷቸው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ተስኗቸው ነበር፤ በመለዋወጫ ንግድ ደግሞ አንዲት ቁጥር ከተሳሳትክ ዕቃው ይመለስብሃል፣ ደንበኛው ግን አይመለስም። ከማል ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ስለዚህ ወይ እኔ ትምህርቴን ትቼ ሱቁ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ ወይ ሰው ይቀጠራል። ቅጥር ሰው ደግሞ፣ በሶማሌ ተራ አባባል፣ ደመወዙን ሁለት ጊዜ ይወስዳል፤ አንዴ ከእጅህ፣ አንዴ ከመደርደሪያህ።

አባቴ እንዲህ ያለውን ነገር በስሜት የሚወስኑ ሰው አልነበሩም። ገማች ጠሩ።

ግምት በተራው የታወቀ ሥራ ነበር። ሸሪኮች ሲለያዩ ወይም የሟች ሱቅ ሲከፈል፣ በነገሩ ጥቅም የሌላቸው ሁለት ነጋዴዎች ይቀመጣሉ። ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሡ አዲስ ቢሆን የሚያወጣውን ይጠራሉ፤ ከዚያም ለዝገቱ፣ ለስንጥቁ፣ ለብየዳው እየቀነሱ ዋጋ ይቆርጣሉ። ያልተጻፈ ደንብም ነበረው፤ ገማቾቹ ከተቀመጡበት ከመነሣታቸው በፊት፣ ከቤተሰቡ መካከል የፈለገ ሰው በተቆረጠው ዋጋ ዕቃውን ለራሱ ማስቀረት ይችላል። ከተነሡ በኋላ ግን ነገሩ አልቋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሐጂ ይማምና ጋሼ ረዲ መጡ። ሐጂ ይማም የአባቴ የአገር ልጅ፣ የወሎ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ንግግራቸው የረጋ ናቸው። ጋሼ ረዲ የጎረቤታችን ሱቅ ባለቤት ናቸው፤ ካልቀለዱ ዋጋ መጥራት አይሆንላቸውም። ሁለቱም የኩሽኔታ ሣጥኖች ላይ ተቀመጡ። ዝንጅብል የገባበት ሻይና ትኩስ ሳምቡሳ አስመጣሁላቸው። የሚገመተው ዕቃ እኔ ስለነበርኩ ከዚያ መውጣት አላስፈለገኝም።

"እሺ፣ ኢንጂነሯ" አሉ ጋሼ ረዲ ሳምቡሳውን እየገመጡ፣ "ስትጨርሺ መንግሥት ስንት ይቆርጥልሻል?"

የጀማሪ ደመወዝ የታወቀ ነበርና ነገርኳቸው።

"ይኼ በሳምንት ነው በወር?"

"በወር።"

"አላህ ይጨምርልሽ" አሉና ወደ ሐጂ ይማም ዞሩ። "እኔ ይቺን ባንድ ደህና ካምቢዮ አገኛታለሁ።"

"ካምቢዮ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ረዲ። ደመወዝ ግን ወር በጠባ ቁጥር አለ" አሉ ሐጂ ይማም። "ደግሞ ቤቴን ወረሱት፣ መጋዘኔን ወረሱት። ዲግሪ የወረሰ መንግሥት ግን እስካሁን አላየሁም።"

"ዲግሪውን ምን ያደርግለታል? ባለዲግሪዋን ይወርሳታል እንጂ! አሰብ ሂጂ ሲላት አሰብ፣ ጎዴ ሂጂ ሲላት ጎዴ!"

አባቴ ሳቁ። ጋሼ ረዲ ልክ መሆናቸውን እኔም አውቅ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጥቂት ተነታርከው በሙሉው ዋጋ ከተስማሙ በኋላ ወደ ቅናሹ ገቡ።

"ሴት ናት" አሉ ጋሼ ረዲ፣ ስለ ዝናቡ የሚያወሩ ያህል። "ታገባለች፣ ትወልዳለች። ማሽን ማን ያስነካታል? ቢሮ ነው የሚጎልቷት። ግማሹ ይቀነስ።"

"ግማሹ በዛ።"

"ሐጂ፣ የተሰነጠቀ ሞተር ባመጣልዎ በስንት ይገዙኛል?"

ሐጂ ይማም ጢማቸውን ዳሰሱ። ወደኔ ግን አላዩም። "በግማሽ" አሉ።

ዋጋው ተቆረጠ። እኔም በልቤ አሰላሁ። ሱቁ ከነዕቃው የሚያወጣውን ከማንም በላይ አውቅ ነበር። አባቴ ደግሞ በሸሪዓው ደንብ ከሱቁ ሁለቱ እጅ የከማል፣ አንዱ እጅ የእኔ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሴት በመሆኔ ከዲግሪዬ ባይቀነስ ኖሮ ድርሻዬ አይገዛውም ነበር። አሁን ግን በውርሱ ላይ የተቀነሰብኝና በዲግሪው ላይ የተቀነሰብኝ ተገናኝተው ሚዛኑን አስተካክለውት ነበር። እንዲህ ያለ እኩልነት ከዚያ ወዲያ አላጋጠመኝም።

ጋሼ ረዲ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ለመነሣት ጉልበታቸውን ያዙ።

"በዚህ ዋጋ እኔ እገዛዋለሁ" አልኩ።

"በምን ልትገዢው ነው፣ የኔ ልጅ? በእርሳስሽ?"

"በድርሻዬ። ሱቁ በሙሉ የከማል ይሁን። የሚቀጠረው ሰው ደመወዙም፣ የሚያጎድለውም ከእኔ ድርሻ ይታሰብ። እኔ ትምህርቴን እጨርሳለሁ።"

ጋሼ ረዲ ጉልበታቸውን ለቀቁ። ሐጂ ይማም ወደ አባቴ ዞረው፣ "ሰይድ፣ ደንቡ ደንብ ነው፤ ገና አልተነሣንም" አሉ።

"ይሁን" አሉ አባቴ።

ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁት። በዚያ ሱቅ ያደግኩ ነኝና ምን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም። ገዢ የመጀመሪያውን ጥሪ ሳይከራከር ሲቀበል ነጋዴ ፊት ላይ ብልጭ ብላ የምትጠፋ፣ ደስታም ቅሬታም ያለባት ነገር አለች። ዋጋው ሊወርድ ይችል ነበር ማለት ነው። ለማንኛውም ተመረቅኩ።

ጋሼ ረዲ እንዳሉት አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቢሮ ጎለቱኝ። ማሽኖቹን ወንዶች ፈቱ፣ ወንዶች ገጠሙ፤ እኔ የጻፉትን ሪፖርት አረምኩ። ኋላ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ዲግሪ ጨመርኩበት፤ እነዚያን ግን ለገማች አላቀረብኳቸውም። ሱቋ ከአጎራባቾቿ ጋር ተጣምራ ዛሬ ፎቅ ሆናለች፤ ከማል ከአንዱ ክፍል በወር የሚሰበስበው ኪራይ ከጡረታዬ ይበልጣል። ነገሩ በገንዘብ ከተመዘነ ገማቾቹ ልክ ነበሩ። ግማሹ ራሱ የተጋነነ ነበር።

አባቴ በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ አንሥተውልኛል።

"አተረፍሽበት?"

"ከሰርኩ" አልኳቸው።

"እኔ እኮ ያን ቀን እስክትከራከሪኝ እየጠበቅኩሽ ነበር" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። በነፃ ሊሰጡኝ የነበረውን በድርሻዬ መግዛቴን በዚያ ዕድሜ ማረጋገጥ ለማንም አይጠቅምም።

ለሐናን "አያዋጣም" አልኳት። የሒሳቡ መልስ ይህ ነው፤ የተጠየቅኩትም ሒሳብ ነው። "እሺ" አለችና ጣቷ ስልኳ ላይ ወደ ሌላ የትምህርት ዓይነት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች፤ ስለ ጤናዬ ጠይቃ፣ ስለ አየሩ አውርታ ዘጋች። ምርጫዋን የምታስገባበት ቀን ገና አላለፈም። እስካሁን አልተከራከረችኝም። እየጠበቅኳት ነው።